ሰማያዊው በርሜል

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ሰዓቴን አይቼ የምነሳ ሰው ነበርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ፣ ተማሪዎቼ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ሰው የሌለው ጥላ አየን ብለው ሲንጫጩ አሰልፌ ወስጃቸው፣ ጥላው ነፋስ የሚያወዛውዘው የቆርቆሮ ቁራጭ መሆኑን አሳይቼ፣ የቤት ሥራ ሰጥቼ መልሻቸዋለሁ፣ ለቅሶ ቤት እንኳን አንድ ሰው «በሕልሜ መጥቶ...» ብሎ ሲጀምር እኔ ሳህን ለማንሳት ብድግ እላለሁ። ስለዚህ ይህን ከእኔ ስትሰሙ ቢገርማችሁ አልፈርድባችሁም፣ እኔንም ገርሞኛል። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፣ ያላየሁትን አልጨምርም፣ ያልገባኝንም የገባኝ አስመስዬ አልነግራችሁም።

ባለቤቴ ግርማ አናጢ ነበር። የምንኖረው ጎሮ ነው፣ ሰፈሩ ገና ጭቃ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በዙሪያችን ከተሠሩት ቤቶች የብዙዎቹን በርና መስኮት የላገው እሱ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ከሰርቪሱ ጋር የተያያዘች አንዲት የሥራ ክፍል ነበረችው፣ እዚያ ገብቶ ሲልግና ሲጋዝ ይውላል፣ ሲወጣ ሰጋቱራው፣ ያ ደቃቅ የእንጨት ዱቄት፣ ቅንድቡን ሳይቀር አልብሶት ነው። በኋላ ግን ተገጣጣሚ የፋብሪካ ዕቃ በዛ፣ አልጋና ቁምሳጥን የሚያሠራ ሰው እየቀነሰ መጣ፣ እሱም እጁ ሥራ ሲፈታበት ስልኩ ላይ ቢላ የሚሠሩ ሰዎችን ማየት ጀመረ። ጊዜ ማሳለፊያ መስሎኝ ዝም አልኩ። አንድ ቅዳሜ ግን ከመገናኛ በጆንያ የሆነ ነገር ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ መጣ፣ በረንዳው ላይ ሲዘረግፈው የዛገ የመኪና ባሌስትራ ነው፣ ከጎማ በላይ መኪናውን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት።

«ያንቺ የወጥ ቤት ቢላ ነው።»

«ይሄማ የጭነት መኪና ነው።»

«እስከ ፋሲካ ድረስ ብቻ ነው የጭነት መኪና የሚሆነው» አለኝና ሳቀ።

ለፋሲካ አልደረሰም። የመጀመሪያው ቢላ ሽንኩርት ላይ ተጣመመ፣ ሁለተኛው ከጠረጴዛ ወድቆ እንደ ብርጭቆ ለሁለት ተሰበረ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ጭራሽ አላሳየኝም፣ አምስተኛው ግን እስካሁን ወጥ ቤቴ ውስጥ አለ፣ እጀታው ከወይራ ነው፣ እንደሱ የሚቆርጥ ቢላ ይዤ አላውቅም። መሣሪያዎቹንም ቢሆን ከመግዛት መሥራቱን ነው የወደደው። ከተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተሩን አውጥቶ፣ የብርጭቆ ወረቀት እንደ ቀበቶ እየዞረ ብረት የሚሞርድበትን ማሽን ሠራ፣ ብረት የሚያውቅ ሰው ቢሆን መዘውሮቹን ከብረት ያስቀርጽ ነበር፣ እሱ ግን አናጢ ነውና ከእንጨት ቀረጻቸው፣ እንጨት ብረትን ሲያዞር ማየት ደስ ይለው ነበር። ምድጃው የመኪና ቸርኬ ነው፣ ወናፉ ደግሞ የልጃችን የማህሌት የፀጉር ማድረቂያ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ስታምስ ከርማ እሳት ሲያናፋ ነው ያገኘችው።

እናቱ፣ እቴቴ የምንላቸው፣ ደብረ ብርሃን ሆነው ይህን ሲሰሙ በስልክ የጮኹት እኔ ላይ ነው፣ «አናጢ ልጅ ድሬልሽ ቀጥቃጭ አደረግሽው? ከዘራችን የሌለ ነገር!» ሊጠይቁን ሲመጡም እሱ ከገባ ምግባቸውን በነጠላ ይከልሉ ነበር፣ በእሳቸው አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላልና።

«እቴቴ፣ እናቴ አይደለሽ እንዴ፣ አንቺን እበላለሁ?» ይላቸዋል ግርማ።

«እኔንማ ጥርስህ አይችለኝም፣ የምፈራው ለሚስትህ ነው» ይላሉ ከነጠላው ሥር፣ እሱም እየሳቀ ወደ ብረቱ ይመለሳል።

አሁን ለነገሬ የሚያስፈልገኝ በርሜሉ ነው። ሰጋቱራው ደረቱን ስለሚያስቸግረው፣ ከአሮጌ ቫኪዩም ያወጣውን ሞተር በአንድ ትልቅ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ክዳን ላይ ገጠመው፣ ወፍራም ቱቦ አወጣለት፣ ቱቦውን መጋዙ ላይ ሲሰካው ዱቄቱን ሁሉ እየሳበ በርሜሉ ውስጥ ያጠራቅምለታል። እንዳይገለበጥ ከታች ሲሚንቶ ሞልቶበታል፣ ስለዚህ ሲጠግብ ለማውጣት ሁለት ሰው ይጠይቃል፣ ሁልጊዜ የሚያግዘው ጓደኛው ተፈራ ነበር፣ እሱም አናጢ ነው፣ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ይሠራል። ከማንሳታቸው በፊት ግርማ የበርሜሉን ጎን በመዳፉ ሁለት ጊዜ፣ ዱም ዱም፣ ይመታዋል፣ ዱቄቱ እንዲረጋ ነው። ብረት ሲሞርድ ደግሞ ቱቦውን ከማሽኑ ነቅሎ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። ይህን ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። እግሩን ስለሚጠልፈው ነበር የሚመስለኝ፣ አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት፣ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ወደቀ፣ ሐኪም ቤት ሳንደርስ አለፈ። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም።

የሥራ ክፍሉን ቆለፍኩና ስምንት ወር አልከፈትኩትም። ማህሌት ወሎ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ጠዋት ትመጣና ቀኑን ትተኛለች፣ የምትተኛውም ሰርቪሱ ውስጥ ነው፣ ዋናው ቤት መንገድ ዳር ስለሆነ የመኪናው ጥሩምባ አያስተኛትም። የእሷን አልጋና የአባቷን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የችፑድ ጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው፣ በርሜሉም የቆመው ግድግዳው ጥግ፣ በእሷ ራስጌ በኩል ነው።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ ላይ ነው፣ ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ በቀን ነው። ተፈራ ስምንት ሰዓት ገደማ መጣ፣ የመሞረጃውን ማሽን ዝም ብሎ ከሚዝግ ግርማን የሚያውቅ ሰው እጅ ይግባ ብዬ እንዲወስደው ለምኜው ነበር።

«ሰብልዬ፣ እስኪ መጀመሪያ ይነሳ እንደሆነ ልየው» አለና አንድ የባሌስትራ ቁራጭ አንስቶ ማሽኑን አስነሳው፣ ብረቱ ሲነካው ፍንጣሪው እንደ ርችት ተረጨ፣ አቧራውም ክፍሉን ሞላው።

«ቆይ፣ ቆይ ተፈራ! አቧራው በስንጥቁ ልጄ ላይ ይገባል፣ ከሥራ መጥታ የተኛች ልጅ ናት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እፍ ልበለው?»

«መሳቢያው አለ አይደል እንዴ!» አልኩና ቱቦውን ከምስማሩ አውርጄ፣ በገዛ እጄ ማሽኑ ላይ ሰካሁለት።

ተፈራ ዕድሜውን ሁሉ እንጨት እንጂ ብረት ነክቶ አያውቅም፣ «አስተማሪ መቼም ዘዴ አያጣም» ብሎ ቀለደብኝና ቀጠለ። ፍንጣሪው ሁሉ እንደ ቀይ አሸዋ እየተሳበ ቱቦው ውስጥ ሲገባ አየሁ፣ አየሩ ጠራ፣ ደስ አለኝ። እመኑኝ፣ እሳት ምን ምን ሲያገኝ እንደሚነድ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ ያን ሁሉ እሳት የደረቀ ሰጋቱራ የሞላው በርሜል ሲጠጣው ቆሜ እያየሁ ደስ አለኝ። ተፈራ «ነገ ጋሪ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ወደ መገናኛ ሄደ፣ ዕቃ የሚገዛበት ጉዳይ ነበረው፣ እኔም በሩን በጓጉንቸር ቆልፌ፣ ቁልፉን ቀሚሴ ኪስ ከትቼ ሳሎን ገባሁ።

ዝናቡ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጀመረ፣ ወዲያው መብራት ሄደ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ግርማ ስለ ቢላዎቹ የሚጽፍበትን ደብተር አነብ ነበር፣ «ይሄኛው እሳት በዛበት፣ እንደ ቼሪ ሲቀላ ማውጣት ነበረብኝ» ይላል አንዱ ገጽ፣ ሌላው «ሰብለ በዚህኛው ቲማቲም ቆርጣ ዝም አለች፣ ጥሩ ምልክት ነው» ይላል። ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት። ሽር... ሽር... ሽር። መጀመሪያ አሸንዳው ነው አልኩ። ግን አሸንዳ ሲፈስ አያርፍም፣ ይህ ያርፋል፣ ረጅም ሽር፣ ረጅም ሽር፣ ከዚያ አንድ ሰው የሆነ ነገር በጨርቅ የሚወለውል ያህል ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደገና። ቢላ በእጅ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ ሰምታችሁ የምታውቁ ከሆነ ሌላ ነገር አይመስላችሁም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ደብተሩን ዘጋሁ። ድምፁም ቆመ።

ማህሌት ተነስታ ይሆናል አልኩ፣ ልብስ እየፈተገች ይሆናል፣ ሰው እኮ ምክንያት አያጣም። ከዚያ ዱም ዱም አለ። ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ጠጥሮ ሳይሆን ታፍኖ፣ የመዳፍ ድምፅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከባድ ነገር ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲጎተት ሰማሁ፣ ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ይጎተታል።

ከሳሎን በር ኋላ ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ፣ እጀታው እጄን እንዳቀዘቀዘው ዛሬም አስታውሳለሁ። ግቢውን አቋርጬ ክፍሉ ጋ ደረስኩ። ጓጉንቸሩ እንደቆለፍኩት ነው፣ ጎተትኩት፣ አልተከፈተም፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። በመስኮቱ ግንባሬን አስጠግቼ አየሁ። ማሽኑ አለ። እኔ በገዛ እጄ ማሽኑ ላይ ሰክቼው የነበረው ቱቦ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። የበርሜሉ ክዳን ከነሞተሩ ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። ጥጉ ላይ፣ በርሜሉ በነበረበት፣ አቧራ ያልነካው ክብ ቦታ ብቻ ነው ያለው።

ዞርኩ። በርሜሉ ግቢው ውስጥ፣ የሳሎኑ አሸንዳ በሚፈስበት ሥር ነው። ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ በትክክል አፉ ላይ እየወረደበት፣ ጭሱና እንፋሎቱ ተቀላቅሎ እየተነሳ፣ አንድ ጎኑ እንደ ሰም ቀልጦ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ። ወዳጆቼ፣ ከሳሎን ስወጣ የመጣሁት በዚያው ነው። በርሜሉ በቆመበት ላይ ነው የረገጥኩት። አልነበረም።

ማህሌት ክፍል እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ክፍሉ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ጭስ እንደ ቀጭን መጋረጃ ራስጌዋ ላይ ተንሳፍፏል፣ የችፑዱ ግድግዳ የትራስ ያህል ቦታ ጠቁሯል፣ በእጄ ስነካው ይፋጃል። እሷ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተኝታለች።

«ማህሌት! ማህሌት ተነሺ!» ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኳት።

«ምን ሆነሽ እማዬ? ረፈደብኝ እንዴ?»

«ውጪ! ዝም ብለሽ ውጪ!»

በረንዳው ላይ አውጥቼ አቀፍኳት፣ እሷ ግን እያየችኝ «ለምን እንደዚህ በሰበስሽ?» አለችኝ። ጃንጥላ ይዣለሁ ልላት ስል እጄ ባዶ ነው፣ ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ውሃ ነኝ። ጃንጥላው በኋላ የተገኘው ሳሎን በር ኋላ፣ እንደተሰቀለ፣ ደረቅ ሆኖ ነው። መዳፎቼም ላይ ቀይ መስመር ነበረ፣ በርሜሉን በኋላ ስገለብጠው ይሆናል እላለሁ።

ተፈራ ጋ ደወልኩ፣ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ሲጉላላ ቆይቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰ። በርሜሉን በእንጨት ቆሰቆሰው፣ ከውጭ እርጥብ ጭቃ የመሰለው ሰጋቱራ ከውስጡ ገና ፍም ነበር።

«እንጨትና ብረት በአንድ ቱቦ...» አለና ራሱን ያዘ። «ሰብልዬ፣ ግርምሽ ለካ ለዚህ ነው የሚነቅለው። ሰጋቱራ እኮ ነበልባል የለው፣ ድምፅ የለው፣ ውስጥ ውስጡን ነው የሚጤሰው። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ጭሱ በችፑዱ ገብቶ...» ማህሌትን አየና ዋጠው። «ለመሆኑ ማን አወጣው?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አላውቅም? እኔና እሱ ሁለት ሆነን ወገባችን እስኪቀነጠስ ነው የምናወጣው። ማን አገዘሽ?»

«በሩ እኮ ተቆልፏል ተፈራ።»

ሄዶ ጓጉንቸሩን ነካው፣ በመስኮቱም አየ፣ ቱቦውን ምስማሩ ላይ ሲያየው እጁን ከመስኮቱ ፍሬም ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። «ማሽኑ እዚሁ ይቀመጥ» አለኝ። «ጋሪም አላመጣም። አይክፋሽ፣ እኔ በጥርሴም ቢሆን ሞርጄ እኖራለሁ።» የኋሊት እየተራመደ ነው ከግቢው የወጣው፣ ሌላ ቀን ቢሆን እስቅበት ነበር።

እኔ ግን አልፈራሁም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ማን እንዳወጣው አውቄ ነበር። ስምንት ወር ያላገኘሁትን እንቅልፍ ያን ሌሊት ተኛሁ፣ በማግስቱ ቁርስ በላሁ፣ ከሰዓት በኋላ ወንበር አውጥቼ የሥራ ክፍሉ በር ላይ ተቀመጥኩና ለግርማ ወሬ አወራሁለት፣ እንደዚያ እያደረግኩ ሦስት ሳምንት ሄደ። ለእቴቴም ደውዬ ነገርኳቸው፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ። እሳቸው ግን «ግቢሽን ጠበል እርጪው» ብቻ ብለው ዘጉት።

ማህሌት ግን ወደ ክፍሏ አልተመለሰችም። ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረች፣ «ጣሪያው ያፈሳል» አለችኝ፣ ወጥቼ አየሁት፣ አያፈስም። አንድ ምሽት ወደ ሥራ ልትወጣ ቦርሳዋን ስታዘጋጅ አላስቻለኝም።

«የመኪናው ጩኸት ገድሎሽ እኮ ዓይንሽ ጠቆረ። ክፍልሽ ተመለሺ። አባትሽ እየጠበቀሽ ምን ያስፈራሻል?»

ቦርሳዋን አስቀመጠችው። «እማዬ፣ እንዳትቆጪ።»

«ምን?»

«ያን ቀን ግማሽ ነቅቼ ነበር። ዓይኔ አልተገለጠም፣ ጆሮዬ ግን ይሰማ ነበር። ከችፑዱ ወዲያ አንቺና አንድ ሰውዬ ታወራላችሁ።»

«እኔ ያን ቀን ከማንም ጋር አላወራሁም።»

«‹አፉን ያዢ፣ እኔ ከታች ነኝ› ይልሻል። ‹ያዝኩት› ትያለሽ። ‹ቀስ፣ በእኔ በኩል› ይልሻል። ጋሼ ተፈራ የተመለሰ መስሎኝ መልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ተፈራ መገናኛ ነበር።»

«አውቃለሁ። ድምፁም የእሱ አልነበረም።»

እንባዬ መጣ። «አባትሽ ነዋ!» አልኳት፣ እጇን ልይዝ ተነሳሁ።

ማህሌት አልተነሳችም። «የአባዬ ድምፅ ጠፍቶኝ ነው እማዬ? እህል መቅመስ ስትጀምሪ፣ መሳቅ ስትጀምሪ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? የአባዬ አይደለም። ሰምቼው የማላውቀው ሰው ነው። ልትወጡ ስትሉ በር ላይ ቆም አለና ‹ልጅቷ እንዳትነቃ› አለሽ።»

«እኔስ?»

«‹እሺ› አልሽው።»

ደግ ሰውም ቢሆን የደከመች ልጅ ተኝታ ሲያይ እንዲህ ይላል፣ እኔም ለተፈራ ያልኩት ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ራሴን በዚህ ላጽናና ሞክሬያለሁ። ግን ጭስ በሚገባበት ክፍል ውስጥ የተኛችን ልጅ እንዳትነቃ የሚል ማነው? ከእሱ ጋር በርሜሉን ያነሳሁት፣ እሺ ብዬም የተስማማሁት እኔ ከሆንኩ፣ እንዴት አንዲት ቃል አላስታውስም? የሥራ ክፍሉ በር ላይ መቀመጤን ትቻለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆዴን ከፍቼ ያወራሁት ለማን እንደነበረ ማሰብ አልፈልግም።

አሁን ቀን ነው፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ማህሌት ፊት ለፊቴ ሶፋው ላይ ተኝታለች። እንዳትነቃ ሲለኝ እሺ ያልኩት ለዚያ ቀን ብቻ ይሁን አይሁን አላውቅምና፣ በየመካከሉ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ «ማህሌት» እላታለሁ። «አቤት» ትለኛለች ዓይኗን ሳትገልጥ። ሌሊቱን ቆማ ያደረች ልጅ ናት፣ ትነጫነጫለች፣ ከሥራ እባረራለሁ በአንቺ የተነሳ ትለኛለች፣ ልክ ናት። ይህን አንቀጽ ስጽፍ ሦስት ጊዜ ጠርቻት ሦስቱንም ጊዜ መልሳልኛለች። አሁን ደግሞ ልጠራት ነው።